ልጄ 17 ሳምንቱ ነው፣ የ45 ቀኑን ክትባት አልወሰደም፣ አለፈበት ማለት ነው?

የሙአዝ እናት፣ ኮምቦልቻ
ሰኞ ማታ

ሰላም እህቶቼ ወንድሞቼ እንዴት ናችሁ። በተለይ የጤና ባለሙያ ካላችሁ በአላህ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፣ ትንሽ ረዘም ይላል። የመጀመሪያ ልጄ ነው፣ ወንድ ነው፣ ከነገ ወዲያ ሮብ 17 ሳምንት ይሞላዋል። የወለድኩት ደሴ ነው፣ ከመውጣታችን በፊት ክንዱ ላይ ወጉት፣ አፉ ላይም ሁለት ጠብታ አደረጉለት፣ ካርድም ሰጡኝ። ከዛ እናቴ አራስነትሽን እኔ ጋ ነው የምትጨርሺው ብላ ኩታበር ገጠሩ ድረስ ወሰደችኝ። ገንፎው አጥሚቱ ሁሉ ሞልቶ ነበር አልሀምዱሊላህ፣ ግን ልክ 45 ቀኑ ሲደርስ ልጁን ጉንፋን ያዘው፣ ያፍነዋል ያስነጥሰዋል ማታ ማታ ትንሽ ያተኩሰዋል፣ የሰፈሩ ሰው በሙሉ የታመመ ልጅ አይከተብም መርፌው ይጥለዋል አለኝ፣ እኔም ፈራሁና ይሻለው ብዬ ተውኩት። እሱ ሲሻለው ደሞ እኔ ጡቴ አብጦ ተኛሁ፣ እንዲህ እንዲያ ሲባል ጊዜው ነጎደ።

ኮምቦልቻ ከተመለስኩ ሁለት ሳምንት አልፎኛል። በመጣሁ በማግስቱ ይዤው ሄድኩ (የት እንደሆነ ስሙን አልጠራም) ክትባት ሀሙስ ሀሙስ ነው ተባልኩና ተመለስኩ። ሀሙስ በጠዋት ሄድኩ፣ የኮምቦልቻን ፀሀይ ታውቁታላችሁ፣ ልጁን አዝዬ ጃንጥላ ይዤ፣ ሶስት እናቶች ብቻ ነበርን አንዷ የ9 ወሩን ልታስከትብ ነው የመጣችው፣ ልጆች አልሞሉም፣ ብልቃጡ አንዴ ከተከፈተ ይጣላል፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ኑ ብለው ሶስታችንንም መለሱን። በሚቀጥለው ስሄድ ደግሞ ባለሙያዋ ዘመቻ ወጥታለች ተባለ።

ትናንት ደሞ አሜሪካ ያለችው የባለቤቴ እህት ደውላ ስነግራት ደነገጠች፣ ሮታ የሚባለው የተቅማጡ ክትባት ከ15 ሳምንት በኋላ አይጀመርም፣ እዚህ በፍፁም አይሰጡም፣ አለፈው አለችኝ። ከዛ ሰአት ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም ወላሂ። ካርዱን አውጥቼ አየዋለሁ፣ ቢሲጂ (የቲቢው) እና ፖሊዮ ዜሮ የሚለው ጎን ብቻ ቀን ተፅፎበታል፣ ከዛ በታች ያለው ሳጥን በሙሉ ባዶ ነው። ያንን ባዶ ሳጥን ባየሁ ቁጥር በገዛ እጄ ልጄን የበደልኩት ይመስለኛል።

አለፈበት ማለት ነው ወይስ አሁንም ይሰጡታል? ከተሰጠውስ በአንድ ቀን ሁሉንም መርፌ ይችለዋል? ሮታውስ እውነት ቀረ?


ሀያት እናቷ፣ ኮምቦልቻ በርበሬ ወንዝ
ሰኞ ማታ

አብሽሪ እህቴ፣ አንቺ ብቻ አይደለሽም። እኔም በሁለተኛዋ ልጄ እንዲሁ ተመላልሻለሁ፣ የ9 ወሩን ኩፍኝ ለማስከተብ አራት ጊዜ ነው የሄድኩት። በመጨረሻ ምን አደረግን መሰለሽ፣ ጎረቤት ያለነው አምስት እናቶች ተጠራርተን ስልክ ተቀያይረን በአንድ ቀን አንድ ላይ ሄድን፣ ልጆች አልሞሉም የሚል መልስ አልተሰጠንም በዛው ቀን አስከተብን። የሰፈራችሁን ጤና ኤክስቴንሽን ጠይቂያት፣ ማን ማን ልጅ እንዳለው እሷ መዝገብ ላይ አላት። ጉንፋን ስለያዘው አይከተብም የሚለውን ግን እኔም ሰምቼ አምኜ ነበር፣ ሲስተሮቹ ናቸው በኋላ የነገሩኝ። አላህ ያሳድግልሽ።


የቧንቧ ውሃ ልጅ፣ ደሴ
ሰኞ ለሊት

እህቴ እኔ እስከማውቀው አንዴ ቀኑ ካለፈ ሁሉም ከዜሮ ነው የሚጀመረው፣ የተወለደ ቀን የተሰጠውም አይቆጠርም ሲሉ ሰምቻለሁ። የወንድሜን ልጅ እንደዛ ብለው ሁሉንም እንደገና ሰጥተውታል። ቢሆንም ውሰጂው፣ ከመቅረት ይሻላል።


ሲስተር ከደሴ
ማክሰኞ ጠዋት

የሙአዝ እናት ደህና አደርሽ። እኔ ነርስ ነኝ ክትባት ክፍል ውስጥ ስሰራ 9 አመቴ ነው፣ ማታ ተረኛ ስለነበርኩ አሁን ነው ያየሁት። መጀመሪያ እንቅልፍሽን ተኚ፣ የልጅሽ ክትባት አላለፈም።

እኛ አገር ሁሉም ሰው 45 ቀን እያለ የሚጠራው በመመሪያው 6 ሳምንት ነው፣ 42 ቀን ማለት ነው። 2 ወር ከ15 የምንለው 10 ሳምንት፣ 3 ወር ከ15 የምንለው ደሞ 14 ሳምንት ነው። ብዙ እናቶች እነዚህን ቀኖች እንደ ባንክ ቤት መዝጊያ ሰአት ያዩዋቸዋል፣ አንድ ቀን ካለፈ በቃ ተዘጋ ብለው አፍረው ቤት ይቀራሉ፣ እኔን በስራዬ ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ እሱ ነው። 6 ሳምንት የሚለው ከዛ በፊት አትስጡ ማለት ነው። ከዛ በኋላ ያለው ህግ አንድ ነው፣ በአንዱ ዙርና በሚቀጥለው መሃል ቢያንስ 4 ሳምንት ይኑር። ከ4 ሳምንት ካነሰ ሰውነቱ በደንብ አይማርም፣ ከበለጠ ግን የተሰጠው አይበላሽም፣ 2 ወርም ቆይቶ ቢመጣ 5 ወርም ቆይቶ ቢመጣ ካቆመበት ነው የሚቀጥለው።

ስለዚህ የቧንቧ ውሃ ልጅ ወንድሜ፣ ከዜሮ አይጀመርም። የወንድምህን ልጅ እንደገና የሰጡት ምናልባት ካርዱ ጠፍቶ ይሆናል፣ ማስረጃ ከሌለ እንዳልተከተበ ተቆጥሮ ነው የሚሰጠው፣ ደግሞ መውሰዱም ልጁን አይጎዳውም።

አሁን ወደ ሙአዝ እንምጣ። የፊታችን ሀሙስ ስትሄጂ የሚሰጠው ይሄ ነው፦ በአንዱ ታፋ ፔንታ 1 (አምስት በሽታ በአንድ መርፌ የሚከላከለው)፣ በሌላው ታፋ ፒሲቪ 1 (የሳንባ ምች መከላከያው)፣ የፖሊዮ ጠብታ 1፣ ደሞ 14 ሳምንት ስላለፈው የፖሊዮ መርፌውም በዛው ቀን ይሰጠዋል። የሮታን ነገር ለብቻው እመጣበታለሁ። ከዛ 4 ሳምንት ቆጥረሽ ሁለተኛውን፣ እንደገና 4 ሳምንት ቆጥረሽ ሶስተኛውን። ቁጠሪው፣ ሶስተኛውን ሲወስድ 25 ሳምንቱ ነው፣ ስድስት ወር ሳይሞላው ይጨርሳል። በ6 ወር የቫይታሚን ኤ ጠብታ አለው፣ በ9 ወር ኩፍኝ፣ በ1 አመት ከ3 ወር የኩፍኝ ሁለተኛው። ይቺ ሁለተኛ ኩፍኝ እኛ አገር በመደበኛነት የገባችው እ.ኤ.አ. በ2019 ስለሆነ ብዙ እናት የ9 ወሩን ካስከተበች በኋላ ጨረስኩ ብላ ካርዱን ታስቀምጠዋለች፣ አንቺ እንዳትረሺ።

ሶስት መርፌ በአንድ ቀን ይችለዋል ወይ ላልሽው፣ ይችለዋል። እኛ ስንሰጥ እናቶች ዛሬ አንዱን ሌላውን ሳምንት ይሉናል፣ ያሳዝናቸዋል እኮ እውነታቸውን ነው፣ ግን ሳምንት ብሎ የሄደ ስንቱ ቀርቷል። ልጁ አንዴ ያለቅሳል፣ ጡትሽን ስጪው ዝም ይላል።

ጉንፋኑን በተመለከተ፣ ቀላል ጉንፋን፣ ሳል፣ ትንሽ ትኩሳት፣ ትንሽ ተቅማጥ፣ ጥርስ ማብቀል፣ ኪሎው ማነስ፣ እነዚህ አንዳቸውም ክትባት አያስከለክሉም። እንደውም ኪሎው ያነሰ ልጅ ነው የበለጠ የሚያስፈልገው። ያለጊዜው የተወለደም ቢሆን የሚቆጠረው ከተወለደበት ቀን ነው። የሚቆየው በጣም ታሞ ሆስፒታል የሚተኛ አይነት ልጅ ነው፣ ወይም በፊት በሰጠነው ክትባት ከባድ አለርጂ ያሳየ። ሀያት እናቷ ልክ ናት።

አንድ ነገር ግን ሳልደብቅ ልንገርሽ፣ ዘግይቶም ይሰራል ማለት መዘግየቱ ምንም አይደለም ማለት አይደለም። ፔንታ የሚከላከለው አምስት በሽታ ነው፣ ዘጊ አናዳ፣ ትክትክ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ የጉበት ቢ እና ማጅራት ገትርና የሳንባ ምች የሚያመጣው ሂብ። ከነዚህ ትክትክ ትልቁን ሰው አስሎት ያልፈው ይሆናል፣ የሁለት የሶስት ወር ህፃን ላይ ሲመጣ ግን ልጁ ለመሳል እንኳን አቅም ያጣል፣ ትንፋሹ ቀጥ ይላል ከንፈሩ ይጠቁራል። 6 ሳምንት የተባለው ለዛ ነው፣ በሽታው ከባድ የሚሆንበት እድሜ ላይ ሳይደርስበት ልንቀድመው። ስለዚህ ሀሙስን አታሳልፊው።


ሲስተር ከደሴ
ማክሰኞ ጠዋት

የረሳሁት፣ ስለ ብልቃጡ። ልጆች አልሞሉም ብለው የመለሷችሁ ነገር በጣም ነው ያናደደኝ፣ ለምን እንደሚሆን ግን ላስረዳ። ቢሲጂ እና ኩፍኝ ዱቄት ናቸው በውሃቸው ይበጠበጣሉ፣ ከተበጠበጡ በኋላ ቢበዛ 6 ሰአት ነው፣ ከዛ ይጣላሉ። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ልጅ የሚበቃ ስለሆነ ባለሙያው ለአንድ ልጅ ከፍቼ ሌላውን ልጣለው ወይ ብሎ ይሳሳል፣ ሪፖርት ላይ ብክነት ተብሎ ይመዘገብበታል። ግን የአለም ጤና ድርጅትም የሚለው ለአንድ ልጅም ቢሆን ክፈቱ ነው፣ የተመለሰች እናት ተመልሳ ላትመጣ ትችላለች። የ9 ወሩን ልታስከትብ የመጣችዋ እናት ከተመለሰች በኋላ መምጣት አለመምጣቷን ማን ያውቃል።

አንቺን ግን በዚህ ምክንያት መመለስ አልነበረባቸውም። ፔንታ ፈሳሽ ነው፣ ተከፍቶም በቅዝቃዜው በደንብ ከተያዘ እስከ 28 ቀን ያገለግላል። ስለዚህ ሀሙስ ልጆች አልሞሉም ካሉሽ በትህትና የኔ ልጅ የሚወስደው ፔንታና ፒሲቪ ነው ኩፍኝ አይደለም በያቸው። እምቢ ካሉሽ የጤና ጣቢያውን ኃላፊ ጠይቂ፣ መብትሽ ነው። የመንግስት ጤና ተቋም ላይ ክትባት በነፃ ነው፣ ቀበሌሽ ስላልሆነ አይባልም፣ ከፈለግሽ ሚኒባስ ይዘሽ ሐረጎን ወጥተሽ ደሴ ብትመጪም ማንም አይመልስሽም።


የሙአዝ እናት
ማክሰኞ ቀን

ሲስተርዬ አላህ ይስጥሽ፣ እያነበብኩ አለቀስኩ። ባለቤቴንም አስነበብኩት፣ ሀሙስ ከስራ ፈቃድ ወስዶ አብሮኝ ሊሄድ ነው። የሮታውን ነገር ግን ንገሪኝ፣ የባለቤቴ እህት ዛሬም ደውላ እዛ ሀኪሙ በፍፁም አይሰጥም ነው ያለኝ አለች። እሷ ውሸት አታወራም።


ሲስተር ከደሴ
ማክሰኞ ማታ

አልዋሸችም፣ ያለችው ለአሜሪካ ልክ ነው። እዛ የሮታ የመጀመሪያው 15 ሳምንት ሳይሞላ ነው መጀመር ያለበት፣ የመጨረሻው ደሞ 8 ወር ሳይሞላ ማለቅ አለበት። ምክንያቱን ካወቅሽው ትረጋጊያለሽ።

አንዱ አንጀት ሌላው አንጀት ውስጥ የሚገባበት በሽታ አለ፣ ልክ የካልሲ ጫፍ ወደ ውስጥ ሲገለበጥ እንደሚሆነው። ክትባት ባይወስዱም ህፃናትን ይይዛል፣ በብዛት የሚታየው ከ5 እስከ 7 ወር አካባቢ ባለው እድሜ ነው። ሮታ ክትባት ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ባለው አንድ ሳምንት ይሄንን በትንሹ ይጨምራል፣ በጣም ትንሽ ነው፣ ከመቶ ሺ ልጅ በጣት የሚቆጠሩ። እናም ሀኪሞቹ ያሰቡት የመጀመሪያውን ዙር በሽታው በራሱ ከሚበዛበት እድሜ እናርቀው ብለው ነው፣ 15 ሳምንት የመጣው ከዚህ ነው።

አሜሪካ ልጅ በተቅማጥ ቢታመም በመኪና አስር ደቂቃ ሳይሞላ ግሉኮስ ይሰካለታል። እኛ ጋ፣ አንቺ ራስሽ ኩታበር ገጠሩ ውስጥ እንደነበርሽ አስቢው፣ ለሊት ልጅ ተቅማጥና ትውከት ቢጀምረው ምን ያህል ሰአት ነው ሀኪም ጋ ለመድረስ። እንደኛ አይነት አገር ላይ ሲሰላ 15 ሳምንት አልፎታል ተብለው የሚመለሱት ልጆች በተቅማጥ የሚሞቱት በአንጀቱ ችግር ከሚጎዱት እጅግ ይበዛሉ። ስለዚህ የአለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 የእድሜ ገደቡን አነሳው፣ በ6 ሳምንት ይጀመር፣ የዘገየ ልጅ ካለ ግን ከፔንታው ጋር ይሰጠው አለ። 2 አመት ካለፈው በኋላ ነው አያስፈልገውም የሚባለው፣ ምክንያቱም ሮታ በብዛት የሚያጠቃው ከዛ በታች ያሉትን ነው። የሚገርመው እኛ አገር ሮታ መሰጠት የጀመረውም በዛው በ2013 ነው።

ሀሙስ ባለሙያዋን በቀጥታ ጠይቂያት፣ ልጄ 17 ሳምንቱ ነው ሮታ አልጀመረም በያት። ከወሰደ በኋላ ባለው ሳምንት የምታዪው ነገር ቢኖር ልጁ እያቋረጠ እያቋረጠ በሀይል የሚያለቅስ፣ እግሩን ወደ ሆዱ የሚሰበስብ፣ አረንጓዴ የሚያስታውክ፣ ወይም ሰገራው ላይ ደም የተቀላቀለ ዝልግልግ ነገር ካየሽ፣ ነገ ይሻለዋል አትበይ በዛው ሰአት ሆስፒታል ውሰጂው። ሳይዘገይ ከተደረሰበት ይታከማል። ይሄን የምነግርሽ እንድትፈሪ አይደለም፣ እንድታውቂው ነው።


አባ ፈይሰል፣ ደሴ ሆጤ
ማክሰኞ ማታ

እኔ አባት ነኝ እዚህ ገፅ ላይ አባት ብዙም አይፅፍም ግን የሲስተርን ሳነብ ዝም ማለት አቃተኝ። የኔ ልጅ የተወለደው ነሀሴ 2013 ነው፣ እ.ኤ.አ. 2021 ማለት ነው። የ45 ቀኑን በጊዜው አስከተብነው። ሁለተኛው ቀጠሮ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነበር፣ ደሴ በዛ ሳምንት በጦርነቱ ምን እንደሆነች የኖረበት ያውቀዋል። ሚስቴ ልጁን አዝላ እኔ ትልቋን ተሸክሜ ወጣን፣ በእግርም በመኪናም እያልን ዘመድ ጋ ደረስን፣ ካርዱ ቤት መሳቢያ ውስጥ ቀረ። እውነቱን ለመናገር ካርዱ ትዝ ያለን ከወር በኋላ ነው፣ በዛ ሰአት የምናስበው ወተትና ብርድ ልብስ ነበር።

ኅዳር መጨረሻ ከተማዋ ነፃ ወጥታ ስንመለስ ቤታችን ተከፍቷል፣ መሳቢያው ወለሉ ላይ ተገልብጧል፣ ወረቀት በሙሉ ተበታትኗል፣ ሚስቴ ተንበርክካ ስትፈልግ ስትፈልግ ካርዱን አልጋው ስር አገኘችው፣ የጫማ ዱካ አርፎበት። ያን ካርድ ስታገኝ የሳቀችውን ሳቅ እስከዛሬ አልረሳውም፣ ከቤቱ እቃ የጠፋውን ሁሉ ረስታ። ያኔ ጤና ተቋማቱም ተዘርፈው ፍሪጅ እንኳን አልነበረም፣ ክትባት እንደገና እስኪጀመር ጠበቅንና ስንሄድ ልጁ 6 ወር ሊሞላው ነበር። ነርሷ ካርዱን አየችና ፔንታ 1 ተሰጥቷል ዛሬ 2 ነው አለች፣ በቃ። ከዜሮ አልተባልንም። ዛሬ ልጁ ትምህርት ቤት ገብቷል ደህና ነው።

ስለዚህ እህቴ አንቺ 17 ሳምንት ብለሽ ነው የምትጨነቂው፣ ልጅሽ ይደርሳል። የምለምንሽ አንድ ነገር ካርዱን ዛሬውኑ በስልክሽ ፎቶ አንሺው፣ ለባለቤትሽም ላኪለት።


እመቤት ሰኞ ገበያ
ማክሰኞ ለሊት

ይቅርታ የሰው ጥያቄ ውስጥ ገባሁ፣ ሲስተር ካለሽ እኔም ልጠይቅሽ። ሴት ልጄ 5 ወሯ ነው ሁሉንም በጊዜው አስከትቤያለሁ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ግን እንደተወለደች ክንዷ ላይ የተወጋችው ምንም ጠባሳ አላወጣም። የጎረቤቴ ልጅ ቆስሎ መግል ይዞ ትልቅ ጠባሳ ሰርቷል። አማቴ ያንቺ ልጅ ክትባቱ አልያዛትም ሂጂ አስደግሚያት ትለኛለች። ይደገማል?


ሲስተር ከደሴ
ሮብ ጠዋት

እመቤት ምንም አይደለም። ካርዷ ላይ ቢሲጂ ተሰጥቷል የሚል ቀን ካለ አይደገምም። ብዙ ልጅ ላይ ከ2 ሳምንት በኋላ ገደማ ትንሽ እብጠት ይወጣል፣ ይፈነዳል፣ ቀስ ብሎ ይደርቅና ጠባሳ ይሆናል። አንዳንዱ ልጅ ላይ ግን ምንም አይታይም፣ እሱም አልያዘም ማለት አይደለም። ለጎረቤትሽ ደግሞ ንገሪልኝ፣ ያ ቁስል ቅባት አይቀባም ቅቤም አይቀባም፣ አይፈረጥም፣ ንፁህ ሆኖ ክፍት ይተው። አማትሽን አትቆጫት፣ ለልጅ ልጃቸው ብለው ነው፣ እንዲህ አለችኝ በያቸው።

እውነት ጊዜ የሚያልፍበት ክትባት የቱ ነው ብላችሁ ለምትጠይቁኝ፣ እሱ ፖሊዮ ዜሮ ነው፣ ከተወለደ በ14 ቀን ውስጥ ካልተሰጠ ዜሮው ይቀራል፣ ከ6 ሳምንቱ ይጀመራል። እቤት የወለዳችሁ ለዚህ ብላችሁ እንኳን በመጀመሪያው ሳምንት ውጡ፣ ቢሲጂውንም በዛው ታገኛላችሁ። ኩፍኝ ደሞ በተቃራኒው ነው፣ ሰው ሊያስቀድመው ይፈልጋል። ልጁ ከእናቱ ሆድ ይዞት የመጣው መከላከያ ለወራት ደሙ ውስጥ አለ፣ ቀድመን ከሰጠነው ያ መከላከያ ክትባቱን ይገድለዋል፣ 9 ወር የምንጠብቀው ለዛ ነው። ወረርሽኝ ተነስቶ በ6 ወርም ቢሰጥ ያ አይቆጠርም፣ 9 ወሩ ሲደርስ ይሰጠዋል። በ9 ወር የተሰጠውም ቢሆን ከመቶው ልጅ 85ቱን ነው የሚይዘው፣ የ1 አመት ከ3 ወሩን አትርሱ እያልኩ የምጨቀጭቃችሁ ለቀሩት 15 ልጆች ነው።


የሙአዝ እናት
ሀሙስ ከሰአት

ተከተበ!! አልሀምዱሊላህ ተከተበ።

በጠዋት ሁለት ሰአት ሳይሞላ ነው የደረስነው እኔና ባለቤቴ። እንዳላችሁት ሀያት እናቷ በውስጥ መስመር ፅፋልኝ ከሰፈሯ ሁለት እናቶች አገናኝታኝ አንድ ላይ ተገናኘን፣ እዛ ስንደርስ ደሞ ሌሎች ስምንት ዘጠኝ እናቶች ወንበሩ ላይ ተቀምጠዋል። ልጆች አልሞሉም የሚል ሰው አልነበረም። ባለሙያዋ ሌላ ናት፣ ወጣት ልጅ ናት፣ ካርዱን ተቀበለችኝና ባዶውን ሳጥን አየችው፣ እኔ ልትቆጣኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ፣ እሷ ግን መጣሽልን አይደል አለችኝ። በቃ ይሄን ብቻ። ባለቤቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አይኑን ሲጠርግ አየሁት።

ከሰማያዊው ሳጥን ውስጥ ብልቃጡን አወጣች፣ ነቀነቀችው፣ ላዩ ላይ ያለችውን ትንሽ ምልክት ለኔም አሳየችኝ፣ ይቺ መሃሏ ካልጠቆረ ሙቀት አልነካውም ማለት ነው አለችኝ። ሮታውን ስጠይቃት ቆይ ብላ ወጥታ አስተባባሪዋን ጠየቀችና መጥታ ሰጠችው፣ በአፉ ነው፣ ቀስ ብላ በጉንጩ በኩል ስታፈስለት ጣፍጦት ይልሳል። ፖሊዮውንም ጠብታ እንዲሁ። ከዛ መርፌው መጣ፣ ሲስተር እንዳልሽው ጡቴን ይዤ ዝግጁ ሆኜ ነበር። በመጀመሪያው ጮኸ፣ በሁለተኛው ድምፁ ጠፋ፣ በሶስተኛው እኔም አብሬው አለቀስኩ። ጡቱን ሲይዝ ደቂቃ አልሞላም ዝም አለ፣ እንባው ጉንጩ ላይ እያለ እንቅልፍ ወሰደው።

አሁን ካርዱ ላይ አምስት ሳጥን ተሞልቷል። ቀጣዩ ቀጠሮ ዛሬ 4 ሳምንት ሀሙስ ነው፣ በእርሳስ ፃፈችልኝ። ፎቶ አንስቼ ለባለቤቴም ለእህቱም ልኬያለሁ፣ እህቱ የሮታውን ምክንያት ከላይ ያለውን አንብባ እኔ ይሄን አላውቅም ነበር፣ ሲስተሯን አመስግኚልኝ ብላለች።

አንድ ነገር ብቻ፣ አሁን ግራ ታፋው ትንሽ ጠንክሯል ሰውነቱም ሞቅ ብሎታል። እናቴ ደውላ በሞቀ ቅቤ እሺው አለችኝ። ልሸው?


ሲስተር ከደሴ
ሀሙስ ማታ

እሰይ፣ እልል! አትሺው፣ ቅቤም ሙቅ ጨርቅም አታድርጊበት፣ ማሸት ያባብሰዋል። በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ንፁህ ጨርቅ ታፋው ላይ ጣል አድርጊለት፣ ልብስ አታብዢበት፣ ጡት ቶሎ ቶሎ ስጪው። ትኩሳቱ ካስጨነቀው የህፃናት ፓራሲታሞል አለ፣ ልኩ በኪሎው ስለሆነ በግምት አትስጪ፣ ኪሎውን ነግረሽ ባለሙያ ይለካልሽ። አንድ ሁለት ቀን ነው ያልፋል። ከ2 ቀን ካለፈ፣ ወይ ጡት አልይዝ ካለ፣ ወይ ከተንቀጠቀጠ ይዘሽው ሂጂ።

ለእናትሽ ሰላም በይልኝ።


ሀያት እናቷ፣ ኮምቦልቻ በርበሬ ወንዝ
ሀሙስ ማታ

ማሻአላህ ማሻአላህ። የዛሬ 4 ሳምንት የኔ እህት ልጅ 10 ሳምንቱ ነው፣ አብረን እንሄዳለን፣ ጠዋት ድልድዩ ጋ እንገናኝ።